ድምፅ ከጓዳ፦ ከሆለታ ማዶ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ከአስኮ የተነሳነው ረፋዱ ላይ ነው። አባዱላው ጢም ብሏል። ረዳቱ ግን አሁንም በበሩ አንገቱን አውጥቶ «ሆለታ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። እኔ ከሹፌሩ ኋላ መስኮት ጥግ ተቀምጫለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ደብተር፣ ወፍራም ሹራብ፣ ለአክስቴ የያዝኩት ቡናና ስኳር አለ።

ደብተሮቹ ላይ ያለው አዲሱ ተውኔቴ ነው። ሁለቱ ገቢሮች አልቀዋል፤ ሦስተኛው ይቀራል። ታሪኩ የሁለት ወንድማማቾች ነው። አባታቸው ሲያርሰው የኖረው መሬት ላይ ከተማው ደርሷል። ታላቁ እዚያው መኖር ይፈልጋል፤ ታናሹ ካሳውን ተካፍሎ መሄድ። ሦስተኛው ገቢር ላይ ሽማግሌ ፊት ይቀርባሉ። ይህን ትዕይንት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ መጻፍ አልፈለግሁም። እንዲህ ያለው ነገር የሚነገርበት ቦታ ሄጄ፣ ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው መጻፍ የምፈልገው። ያደግሁትም እዚያው ነው።

ቡራዩን ለማለፍ ብዙ ጊዜ ፈጀብን። ልጅ ሳለሁ አባቴ እጄን ይዞ ከተማ ሲያመጣኝ፣ ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ እርሻ ነበር። አሁን ቡራዩ የሸገር ከተማ አካል ሆኗል። ግራና ቀኙ ብሎኬት ማምረቻ፣ ብረታ ብረት ቤት፣ ያላለቀ ፎቅ ነው። በፎቆቹ መሀል አልፎ አልፎ አንድ ቁራጭ የጤፍ ማሳ ብቅ ይላል። አንድ ሰውዬ የቆመ ሲኖትራክ ጥላ ውስጥ አጎንብሶ ሲያጭድ አየሁ። መኪናው አሸዋ ጭኗል። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

ገፈርሳ ግድብ ጋ ስንደርስ አየሩ ቀዝቀዝ አለ። አዲስ አበባ ከዚህ ግድብ ውሃ መጠጣት የጀመረችው በ1930ዎቹ ነው። አባቴ በዚህ ባለፍን ቁጥር «የኛን ዝናብ ነው ከተማ የሚጠጣው» ይል ነበር። ቅሬታ አልነበረውም። እንዲያውም ኩራት ያለበት ይመስለኝ ነበር።

ይህ መንገድ ወደ አምቦ ይሄዳል። በሄድኩበት ቁጥር ጸጋዬ ገብረ መድኅንን አስባለሁ። የተወለደው በዚሁ መስመር፣ አምቦ አጠገብ ቦዳ በምትባል የገጠር ቀበሌ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1928 ነው። አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በጣሊያን ጥይት የተገደሉት ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 1928። በመሀሉ ሦስት ሳምንት እንኳ የለም። ያ ሕፃን አድጎ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ጻፈ። ቀኖቹን አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ልጁ ያደገው ያ ሞት ገና ትኩስ ወሬ በሆነበት ዘመን ነው። ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩት፣ ሲያለቅሱለት እየሰማ አድጎ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ጸጋዬ ከኦሮሞ አባትና ከአማራ እናት ተወልዶ ሁለት ቋንቋ እየሰማ አደገ። ግዕዝም ተማረ። ገና የትምህርት ቤት ልጅ ሳለ ተውኔት ጻፈ። በኋላ ለንደንና ፓሪስ ሄዶ ቴአትር አየ፤ ሼክስፒርን ወደ አማርኛ መለሰ። የእሱን ቃለ ተውኔት የተለማመደ ተዋናይ ግን አንድ ነገር ያውቃል። ትንፋሽ ይጠይቃል። ከሸንተረር ማዶ ለማዶ ለሚጣራ እረኛ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ያ ትንፋሽ ከለንደን የመጣ አይደለም።

ሆለታ ወርጄ ሻይ ጠጣሁ። እዚህ ከተማ የገነት ጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1927፣ በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት ነው። አዲስ አበባ ላይ የሀገር ፍቅር ማኅበር የተመሠረተውም በዚያው በ1927 ነው። ጣሊያን እየመጣ ነበር። አንዱ ጠመንጃ ሲያስተምር፣ ሌላው በዘፈን፣ በንግግርና በቴአትር ሕዝብ ይቀሰቅስ ነበር። ቴአትር ለዚህች አገር መዝናኛ ብቻ ሆኖ አልተጀመረም። ወጣት ተዋንያን ይህን ሳይሰሙ መድረክ ሲወጡ ያሳዝነኛል።

ከሆለታ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወርዶ በእግር። አክስቴ እታባ ከሩቅ አይታኝ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች።

«እሰይ! እሰይ! ከሳሽ በሞትኩት! ልትጽፊ ነው የመጣሽው ወይስ ልትጠይቂኝ?»

«ሁለቱንም እታባ።»

«እንግዲያ መጀመሪያ ጠይቂኝ።»

እስከ ምሽት ጠየቅኳት። ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ ማን መሬቱ ተነክቶበት ከተማ ገባ። ጾም ስለሆነ በሽሮና በጎመን እራት በላን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ጎረቤት ገብስ ይወቃ ነበር። ደቦ ጠርተው ከጠዋት ጀምሮ ዐውድማው ሞልቷል። እኔም አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ።

ዐውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቋል። በሬዎቹ ጎን ለጎን ተጣምረው ይዞራሉ። ከኋላቸው አንድ የስምንት ዓመት ልጅ እፍኝ ጭድ ይዞ ይከተላል። ሥራው አንድ ነው። በሬው ጭራውን ቀና ሲያደርግ ሮጦ እበቱን በጭዱ መቀበል፣ እህሉ ላይ ሳይወድቅ። ልጁ ዓይኑን ከጭራው አይነቅልም። ይህን ሥራ በልጅነቴ ሠርቼዋለሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ነቅቼ የጠበቅሁት ነገር የለም። ልምምድ ላይ ተዋናይ ፊቱን ከመለወጡ በፊት ምን ሊያደርግ እንደሆነ አስቀድሞ የሚታየኝ፣ ያንን ጭራ ስጠብቅ ስለኖርኩ ይመስለኛል።

ረፋዱ ላይ አንድ ሰው አርፍዶ መጣ። የእርሻው ባለቤት ቀና ብሎ አላየውም። በሬውን ነው ያናገረው።

«አንተ ዳለቻ፣ ምነው ደከመህ? ፀሐይ ሳትወጣ የመጣኸው አንተ ነህ። ተኝቶ የከረመው ይሥራ፤ አንተ እረፍ።»

ያረፈደው ሰው መንሹን አንስቶ ዝም ብሎ መሥራት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ እሱም ለበሬው መለሰ።

«እውነትህን ነው ዳለቻ። አንተ ቤት የታመመ ልጅ የለም።»

ባለቤቱ ቆመ። ከዚያ ነው ፊቱን ወደ ሰውዬው ያዞረው። «ልጁ ምን ሆነ?» አለው።

በሁለት መስመር ቅሬታ ተነገረ፣ መልስ ተሰጠ፣ ይቅርታ ተጠየቀ። ማንም ማንን አልሰደበም፤ ሁሉም ግን ሁሉን ሰማ። ቃለ ተውኔት ማለት ለእኔ ይህ ነው። ዛሬ ከተማ ውስጥ በምናያቸው ቴአትሮች ላይ የማዝነው በዚህ ነው። ሰዉ ሁሉ የሚያስበውን በቀጥታ ይናገራል። «ተከፍቼብሃለሁ» ይላል ተከፍቶ። «እወድሻለሁ» ይላል ወዶ። ተመልካቹ ምንም የሚሠራው የለም። ገጠር ያደገ ሰው ግን ያልተባለውን እየሰማ ነው የሚያድገው። ይህን አዳራሽ ይዞት ይመጣል። አዳራሹ ውስጥ ግን የሚጠይቀው አያገኝም።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳና እህሉን ማዝራት ጀመሩ። እብቁ ወደ እኛ ሲመጣ ልጆቹ ሸሽተው ከእኔ አጠገብ ተቀመጡ። እንካ ሰላንትያ ታውቃላችሁ ወይ አልኳቸው። አንዷ ወዲያው ጀመረች።

«እንካ ሰላንትያ!»

«በምንትያ?»

«በማጭድ።»

«ማጭድ ምን አለሽ?»

«ያንተ እርሻ አልደረሰ፣ የኔን መጥተህ እጨድ!»

ሳቁ። ሌላው መልስ እስኪያገኝ ግንባሩን አኮማትሮ ቆየ። አንዱ ጥሎ አንዱ ያነሳል። ቤት መምታት አለበት፣ መውጋት አለበት፣ ቶሎ መምጣት አለበት። እኔን ያስተማሩኝ ትልልቅ ሰዎች ስለ ግጭት ብዙ ነግረውኛል። ግጭትን መጀመሪያ የተማርኩት ግን እንዲህ ነው፣ ከብት እየጠበቅሁ።

ማታ እታባ ስለ ሬዲዮው አነሳችብኝ። በሰፈራችን ሬዲዮ የነበራቸው አንድ አስተማሪ ብቻ ነበሩ። እሁድ ድራማ ሲኖር ደጃቸው በሰው ይሞላል። ሴቱ እንዝርቱን ይዞ ይመጣል። ድራማው ሲያልቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ጨዋታው ያኔ ነው የሚጀምረው። ባልየው ልክ ነበር፣ አልነበረም። እናትየዋ ዝም ማለት ነበረባት፣ አልነበረባትም። አንድ ቀን እታባ ራሷ ብድግ ብላ የሬዲዮዋን ሚስት ሆና ለባልየው መልስ ሰጠችው። ሰዉ አጨበጨበላት። እኔ ከእናቴ ጉልበት ሥር ሆኜ አየኋት። ሌላ ሰው መሆን እንደሚቻል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

«ምን ብለሽው ነበር እታባ?» አልኳት ዛሬ።

«እኔ ምን አውቄ። ልኩን ነግሬው ይሆናል» አለችኝ።

አርብ፣ ኅዳር 19

ትምህርት ቤቱን ላየው ሄድኩ። አዳዲስ ክፍሎች ተሠርተዋል። የእኛ የጭቃ ክፍል አሁን ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። መስኮቱ ተሰብሯል። በእሱ አጮልቄ አየሁ። በየዓመቱ የወላጆች ቀን ሲመጣ እዚያ ውስጥ ነበር ድራማ የምንለማመደው። ለሽማግሌ ጺም የሚሆን ጥጥ እናቴ ነበረች የምትሰጠኝ።

አምስተኛ ክፍል እያለን አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ስሟን አልጽፍም። አንድ ማክሰኞ ቀረች። ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ጠልፈዋት ነበር። ደብተሯ ግን ዴስኩ ውስጥ ቀርቷል። የሒሳብ ደብተር ነው። በጋዜጣ የተሸፈነ፣ ጠርዙ በክር የተሰፋ። መጨረሻው ገጽ ላይ ያልጨረሰችው የማካፈል ሒሳብ ነበር። አስተማሪያችን በማግስቱ ስም ጠሩ። ስሟ ላይ ሲደርሱ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የለችም!» አለ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስሟን ዘለሉት። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው። «የለችም» እስካልን ድረስ ገና የእኛ ነበረች።

የመጀመሪያው ተውኔቴ በስም ጥሪ ይጀምራል። አዘጋጁ ትዕይንቱ ረዘመ፣ ይታጠር አለኝ። አላሳጠርኩም። ተመልካቹ «የለችም» የሚለውን ደጋግሞ መስማት ነበረበት።

ስለ ጠለፋ መድረክ ላይ የተሠራ ትልቅ ሥራ አለን፤ የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ»። ኮሜዲ ነው። ዘመናዊ ነኝ የሚለው የከተማ ወንድ የጥንቱን ልማድ ሲሞክረው ያሳየናል፤ በሳቅ ያጋልጠዋል። እወደዋለሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ያ ሳቅ ለከተማው ወንድ መስታወት ነው። እኔ ግን ከዴስኩ ወዲህ ነበርኩ፤ ስለዚህ ከዚያ ጀመርኩ። በዚያን ዘመን የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። ያ መሹለኪያ የተዘጋው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። እሷ ተጠልፋ፣ ወልዳ፣ ልጆቿን አሳድጋ ካበቃች በኋላ ማለት ነው።

ሰው ስለ ገጠር ልጅነት ሲጽፍ ወተቱን፣ አረንጓዴ መስኩን፣ ዋሽንቱን ያነሳል። ወተቱም ነበረ። እኔ የማውቀው ገጠር ግን ያንን ደብተርም ይጨምራል። አንዱን ትቶ አንዱን መያዝ አይቻልም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ዛሬ የመጣሁበትን አገኘሁ።

ከእታባ ቤት ራቅ ብሎ ሽምግልና ነበር። ጉዳዩ የሰዎቹ ስለሆነ አንዳንዱን ለውጬዋለሁ፤ እንድጽፈውም ፈቅደውልኛል። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ታናሹ ወሰን ላይ ያለውን ባሕር ዛፍ ቆርጦ፣ አጣናውን አዲስ አበባ ለሚሠራ ሕንፃ ሸጦታል። ታላቁ የአባታችን ነበር፣ ሳትነግረኝ እንዴት አለ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም። ፋሲካን እንኳ ለየብቻ ነው ያከበሩት።

ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ወይራ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ምርቃቱ በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ አለቀ። ወንድማማቾቹን ራቅ ራቅ አድርገው፣ አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ አስቀመጧቸው። እኔ ከሴቶቹ ጋር በረንዳው ላይ ነበርኩ። ከዚያ ሁሉም ይታያል፣ ሁሉም ይሰማል።

ታሪክ ያነበበ ሰው ድሮ በችሎት ፊት «ተጠየቅ»፣ «በላ ልበልሃ» እየተባለ በግጥም ሙግት ይገጠም እንደነበር ያውቃል። ተሟጋቹ በቃሉ፣ በአቋቋሙ፣ በነጠላው አጣጣል ጭምር ነበር የሚረታው። ሕዝቡ ዙሪያውን ከብቦ ያያል። ይህ ቴአትር ካልሆነ ቴአትር ምንድን ነው? ዛሬ ግጥሙ የለም። ሥርዓቱ ግን ዛፉ ሥር አለ።

ዋናው ሽማግሌ ስለ ባሕር ዛፉ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ስለ ዘንድሮ ገብስ አወሩ። ስለ ብርዱ አወሩ። ታናሹ እግሩን ያንቀሳቅሳል፤ ታላቁ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ሽማግሌው እንደ ዘበት ወደ ታላቁ ዞሩ።

«ልጅ ሆናችሁ ከብት ስታግዱ ዳቦውን የሚይዘው ማን ነበር?»

«እኔ ነበርኩ።»

«ይርበው ነበር ወይ ይኼ?»

ታላቁ ቶሎ አልመለሰም። «ቶሎ ነበር የሚርበው» አለ ቆይቶ።

«ሲርበውስ?»

መልስ የለም። ሽማግሌው አልደገሙትም። እኔ በተውኔቴ ቢሆን እዚህ ላይ ረጅም ንግግር ይገባ ነበር። እሳቸው ግን ዝም አሉ። ከበረንዳው ሆነን ስናይ የታላቁ ጉሮሮ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ከጓዳ የእናትየዋ ድምፅ መጣ። እሳቸው ወደ ሸንጎው አልወጡም፤ ወግ አይደለም። የልጅ ልጃቸውን ነበር የሚያዙት። ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር፣ ወይራው ድረስ እንዲሰማ።

«አንቺ ልጅ! ጠላውን ቅጂ። ለአጎትሽ በዋንጫው ስጪው። በብርጭቆ አይደለም፣ በዋንጫው። አባቱ የሚጠጣበትን።»

ልጅቷ በሁለት እጇ የቀንድ ዋንጫ ይዛ ወጣች። በመሀል ቆመች። ሁለቱም አጎቶቿ ናቸው። ለየትኛው እንደሆነ አልተነገራትም። ወደ ጓዳው ዞር ብላ አየች፤ ከጓዳው ድምፅ የለም። ሽማግሌዎቹም አይረዷትም። ታናሹ አንገቱን ደፋ። ታላቁ ተነሳ፣ ዋንጫውን ከልጅቷ ተቀበለ፣ ሄዶ ታናሹ ፊት ቆመና «እንካ» አለው።

ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር። አጣናው ስንት እንደተሸጠ ተነገረ፣ እኩል ይካፈሉ ተባለ፣ ካሳ ተቆረጠ፣ ይቅር ለእግዜር ተባባሉ። ጉልበት ተሳመ። እኔ ግን ከዋንጫው ወዲያ ብዙም አልሰማሁም። እጄ ይጽፍ ነበር።

እናትየዋን በኋላ ገብቼ አገኘኋቸው። ዋንጫውን ለማን ብለው ነው የላኩት አልኳቸው። «ለሚገባው» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ ሽሮውን ማማሰል ቀጠሉ።

እሁድ፣ ኅዳር 21

ኅዳር ጽዮን። ከእታባ ጋር አዲስ ዓለም ሄድን። ባሱ ነጭ በለበሰ ሰው ሞልቶ ነበር።

አዲስ ዓለም ማርያም፣ ርእሰ አድባራት ደብረ ጽዮን፣ ኮረብታ ላይ ናት። አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ቤተ መንግሥት ማሠራት የጀመሩት እዚህ ነበር። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ዋና ከተማውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው ነው። ከዚያ ባሕር ዛፍ ተተከለ፤ ቶሎ አደገ፤ አዲስ አበባም ባለችበት ቀረች። ሕንፃው ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ትናንት የታረቁትን ሁለት ወንድማማቾች ያጣላው ዛፍ መሆኑ ነው። ከተማዋን እዚያው ያቆያት ዛፍ አሁን አጣና ሆኖ ሕንፃዎቿን ተሸክሞ ወደ እነዚሁ ገበሬዎች ማሳ እየመጣ ነው። ይህን ሐሳብ ለታላቁ ወንድም ገጸ ባሕርይ አንድ ቦታ ላይ እሰጠዋለሁ። በአጭሩ።

ማኅሌቱ ላይ ረጅም ጊዜ ቆምኩ። ካህናቱና ደብተራዎቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። መቋሚያው ከፍ ዝቅ ይላል። አንዱ ወገን ያነሳል፣ ሌላው ይቀበላል። ከበሮው መጀመሪያ በዝግታ ነው፤ ከዚያ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ሰውነቱም አብሮት ይጋላል። ሰዓት የሚያይ የለም። የጥንቶቹ ጸሐፌ ተውኔቶቻችን ከዚህ ነው የወጡት። ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው፤ ቅኔ ተምሮ፣ አዲስ አበባ መጥቶ ለመድረክ ጻፈ። ከበደ ሚካኤል የተወለዱት ደብረ ብርሃን አጠገብ፣ ገሪም ገብርኤል ነው። መድረኩ ላይ ያመጡት አማርኛ ከየትምህርት ቤታቸው በፊት ከየደጀ ሰላማቸው የተቀዳ ነው። ቴአትርን የምናስተምር ሰዎች ተማሪዎቻችንን አንድ ሌሊት ማኅሌት አቁመን ብናሳድራቸው ብዙ ነገር ይቀልልናል ብዬ አምናለሁ። ምት ምን እንደሆነ፣ መቀባበል ምን እንደሆነ በእግራቸው ይማሩት ነበር።

እታባ ጠበል ጠጥታ፣ ከዘመዶች ጋር ተሳስማ፣ ደክሟት ባሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኛች።

ማታ መብራት ስለጠፋ በሻማ ጻፍኩ። ሦስተኛው ገቢር ሌላ ሆነ። ወንድማማቾቹ የሚከራከሩበትን ረጅም ክፍል አወጣሁት። ሽማግሌው ስለ ብርዱ ያወራል። ከመጀመሪያው ገቢር ጀምሮ መድረክ ላይ የነበረችውን እናትየዋን ጓዳ አስገባኋት። አትታይም። ድምፅዋ ብቻ ነው። ድስት፣ ውሃ፣ እሳት፣ ልጅ የማዘዝ ድምፅ። መጀመሪያ ላይ ተመልካቹ የቤት ሥራ መስሎት ይሰማታል። ቆይቶ ነው ሁሉን እየመራች እንደነበር የሚያውቀው። የዋንጫውን ነገር እንዳለ አልወሰድኩትም፤ የእነሱ ነው። በእኔ ተውኔት እናትየዋ የምታዘው መቀመጫ እንዲወጣ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

እታባ ቡና አፍልታ ጎረቤቶቿን ጠራች። ለመሄድ ሰዓት ስለነበረኝ፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ ሦስተኛውን ገቢር አነበብኩላቸው። ሁሉንም ድምፅ እኔው ሆንኩ። ሴቶቹ ስኒያቸውን ይዘው ሰሙኝ። ሽማግሌው ስለ ብርዱ ሲያወራ አንዷ «ይኼ የእኛ አጎት ነው!» አለች። ሌላዋ ታናሹን ወዲያው ጠላችው፤ እስከ መጨረሻው አልተመለሰችም። ደስ አለኝ።

ሳነብ ጨርሼ እታባን አየኋት።

«እናትየዋ ድምፅዋን ስታወጣ ለምን ትቆጣለች?» አለችኝ።

«ተናድዳለች እኮ እታባ። ልጆቿ ናቸው።»

«የተናደደች እናት በእንግዳ ፊት አትጮህም። ዕቃ ታጋጫለች። ለልጅቷ ስታዝ ግን ድምፅዋ ማር ነው። እንዲያውም ከሌላው ቀን ይጣፍጣል። ያኔ ነው ሁሉም የሚፈራው።»

ሴቶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ ባሏ ዘመዶቹን ይዞ ሲመጣ እሷ ምን እንደምትል በድምፅ አሳየችን። «የኔ ጌታ፣ ወንበሩን ወዲህ አቅርብላቸው» አለች፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። ቀጥላ ክዳኑን ማሰሮው ላይ ጣል አደረገችው። ቀጭ። ሁላችንም ደነገጥን። ከዚያ ሳቅ ሆነ።

እዚያው ቁጭ ብዬ አራት መስመር ቀየርኩ። ቁጣውን ከቃሉ አውጥቼ ክዳኑ ላይ አደረግሁት። ሦስተኛው ቡና ሲቀርብ እንደገና አነበብኩላቸው። እታባ «አሁን ሴት ሆነች» አለች፤ ተነስታም ለመንገዴ ቆሎ ልትቋጥርልኝ ጓዳ ገባች።

ከሆለታ ያገኘሁት መኪና ባዶ ነበርና በሰላም ተቀምጬ ተመለስኩ። ቡራዩ ስደርስ ለአዘጋጁ ደወልኩለት። አለቀ አልኩት። እናትየዋ ከመድረክ ወርዳ ጓዳ መግባቷን ስነግረው መጀመሪያ ተጨነቀ፤ ለትልቅ ተዋናይት አስቦላት ነበር። አነበብኩለት፣ ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ፣ ሰዉ እየሰማ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ክዳኑ የሚጣልበት ቦታ ላይ «ውይ!» አሉ። አዘጋጁም ሰማቸው።

ልምምድ በቅርቡ እንጀምራለን። አሁን የምፈልገው እናትየዋን የምትሆን ሴት ነው። መድረክ ላይ አትወጣም። ፊቷ አይታይም፤ ስሟ ግን ከሁሉ በላይ ይጻፋል። ማጀት ያደገች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ሰባት ሰው ማስነሳት የምትችል፣ የድስት ክዳን መቼ መጣል እንዳለበት የምታውቅ መሆን አለባት። ከዚህ በፊት ተውኔት ሠርታ ባታውቅም ግድ የለም።